የአያ ጃርት አረማመድ

ደብረ ታቦር ውስጥ የስልክ ጌም እሠራለሁ ብሎ ራስን ማስተዋወቅ ጣጣ አለው። "ምን ትሠሪያለሽ?" ይሉኛል። "ጌም" እላለሁ። ጠያቂው በትዕግሥት ፈገግ ይልና "እሱስ ይሁን፣ ሥራሽን ነው የጠየቅሁሽ" ይለኛል። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ዓይኔ እስኪቀላ ስክሪን ላይ አፍጥጬ የተማርኩት ለዚሁ ነው ብዬ ላስረዳ እጀምርና መሐል ላይ ይደክመኛል። "ስልክም እጠግናለሁ" እላለሁ። "እንደሱ አትይም!" ይሉና ወዲያው የተበላሸ ስልካቸውን ያወጣሉ።

ጌሙን የምሠራው ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው። የእብናት ልጅ ነው፤ አብረን ተምረን እሱም እዚሁ ቀረ። እኔ ኮዱን እጽፋለሁ፣ እሱ ሥዕሉን ይሥላል። መጀመሪያ የሠራነው ጀግና ጥቁር የለበሰና ጎራዴ የታጠቀ ሰውዬ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ሠሪዎቹ እኛም አናውቅም። ይሮጣል፣ ገደል ይዘላል፣ ሳንቲም ይለቅማል። ሰዎች ትንሽ ይነካኩትና "አሪፍ ነው" ብለው ስልኩን ይመልሱልናል። አሪፍ ነው ተብሎ ቶሎ የሚመለስ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እንግዲህ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ የስፖርት መምህር ነበሩ። እኔ ልጅ ሳለሁ በትምህርት ቤቶች ውድድር የገሳይ ከተማ ተማሪዎች የእኛን ቡድን "ድንች በሎች" እያሉ ይተርቡት ነበር። ሌላው መምህር ቢሆን ይቆጣ ነበር። አባቴ ግን "እንዲያ ከሆነማ የድንቹን ጌታ እናመጣላቸዋለን" አሉ። እረኞች ለዝናብ የሚደርቡትን የሣር ገሳ ከገበያ ገዙ፣ ሣሩን ወደ ውጭ አቁመው ለእናቴ ሰጥተው አሰፉ፣ ከካርቶን ሹል አፍንጫ ሠሩ፣ ጃርት ወጣው። ጃርት ድንች ማሳ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የጉና ገበሬ ይንገራችሁ። ስሙንም አያ ጃርት አሉት።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሲጀመር አያ ጃርት ከሜዳው ጀርባ ብቅ ይላል። ጥቂት ይራመዳል፣ ቆም ብሎ ወገቡን ይነቀንቃል፣ ሣሩ ክሽክሽ ይላል፣ ከዚያ ሽቅብ! ሜዳው "አያ ጃርት! አያ ጃርት!" እያለ ይናወጣል። ውስጡ ማን እንዳለ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ተማሪዎች "መምህሩ የት ሄዱ?" ሲሉ "ኳስ ሊያመጡ ሄደዋል" ይባላሉ። ኳስ በማምጣት ያን ያህል ዘመን የፈጀ መምህር በአገራችን ያለ አይመስለኝም። አባቴ ጡረታ ሲወጡ አያ ጃርትም አብሯቸው ወጣ፤ ዕቃ ቤት ተሰቀለ፣ ተረሳ። የአሁኖቹ ተማሪዎች ስሙን እንኳ አልሰሙም።

ባለፈው ክረምት ደግሞ አባቴን ባጃጅ ገጫቸው። ነጂው የድሮ ተማሪያቸው ነው። የወደቁት እሳቸው፣ "ቲቸር! ቲቸር!" እያለ የሚያለቅሰው እሱ ነበር፤ መሬት ላይ ሆነው "አይዞህ" ይሉት የነበሩት አባቴ ናቸው። እግራቸው ተሰበረ። ጄሶው ከወጣ በኋላ ሐኪሙ "በየቀኑ ይራመዱ፤ ካልተራመዱ ጉልበቱ ደርቆ ይቀራል" አላቸው። አባቴ እሺ አሉ። ቤት ገቡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አለቀ።

"አገሩን ሁሉ ሳሮጥ ኖሬ፣ ዱላ ይዤ እያነከስኩ አደባባይ ልውጣ? አላደርገውም!" ይላሉ። ጠያቂው ደግሞ አይጠፋም። ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ "እግዜር ይማርዎ" ይላል፣ ወደ እግራቸው አየት አድርጎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር በተመጠጠ ቁጥር አባቴ ወንበሩ ውስጥ ትንሽ ይሰምጣሉ። እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ብዙ ነገር በሳቅ አልፋለሁ፤ ይሄን ግን ፈራሁት። አባቴ ከዚያ ወንበር ሳይነሡ የሚቀሩ መሰለኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነው እናቴ ዕቃ ቤት ስታጸዳ አይጥ የበላውን ገሳ ጎትታ አውጥታ "ይሄን ላቃጥለው ነው፣ ኋላ እንዳትጮሁብኝ" ያለችው። እኔማ ጮህኩ! ልጅነቴ ከነጫጫታው መጣብኝ። ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልኩና ጥቁር ለባሹን ሰውዬ እንዲያሰናብተው ነገርኩት። "ምን አጠፋ?" አለኝ። "ምንም አላጠፋ፣ ጃርት ስላልሆነ ነው" አልኩት።

አያ ጃርት ድንች ማሳ እየዘለለ፣ የጎርፍ ቦይ እየተሻገረ፣ ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚደርስበትን ጌም ጀመርን። ሲደክመው እንቁላል እየበላ እንዲበረታ አደረግሁት። ጎረቤታችን እትዬ አባቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ስልኩን ሰጥቼ ይሞክሩልኝ አልኳቸው። እትዬ እንቁላሉን ሁሉ በላዩ እየዘለሉ አለፉት፤ ጃርቱም ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

"እትዬ፣ እንቁላሉን ያንሡለት እንጂ!"

"ረቡዕ ነው እኮ ልጄ! ልታስገድፊው ነው?"

ምን ይባላል? እንቁላሉን አውጥቼ ድንች አስገባሁ። ከመጀመሪያውም ጃርት እንቁላል ምን ሊያደርግለት።

የአረማመዱ ነገር ግን አልሆነልንም። ጓደኛዬ አያ ጃርትን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ገና ልጅ ነበርኩ። እየሣለ ያመጣል፣ አይደለም እላለሁ። አንድ ቀን አባቴ ከወንበራቸው ሆነው በትከሻዬ አሻግረው ስክሪኑን አዩት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"አያ ጃርት ነው፣ አባዬ።"

"ይሄ? ፍየል ነው እንጂ! ጃርት እንዲህ እየተንጦለጦለ ይሄዳል? ዱላዬን አቀብዪኝ!"

ተነሡ። ሳሎኑ መሐል ጥቂት ተራመዱና ቆም ብለው ወገባቸውን ነቀነቁ። እኔ በስልኬ ቀረጽኳቸው። ሲጨርሱ "በደንብ አልወጣም፣ ነገ ይድገሙልኝ" አልኳቸው። በደንብ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ "ሳሎኑ ጨለመብኝ፣ ግቢ ውስጥ ይሁን" አልኩ። ግቢ ወጡ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች በጎን አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ለእግሩ ብሎ የማይነሣ ሰው ለሥራ ከሆነ ይነሣል፤ እንዲያውም "ትናንት የቀረጽሽው አንገቱ ተጣሟል፣ ነይ" እያሉ እሳቸው ይጠሩኝ ጀመር። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። እጃቸውን ብረቱ ላይ ጣል ያደርጉና ይመለሳሉ። ከበሩ ማዶ መንገድ አለ፣ መንገዱ ላይ ሰው አለ።

ቪዲዮዎቹን ለጓደኛዬ ላክሁለት። አይቶ፣ ለክቶ፣ አንድም ሳያጎድል ሣለው። አንድም ሳያጎድል ስላችሁ በእውነት ነው። አዲሱን ጌም ስልኬ ላይ የጫንኩት እትዬ እንደገና ለጥየቃ በመጡበት ቀን ሲሆን፣ እኔ ገና ሳልከፍተው እሳቸው "እስቲ ጃርቴን!" ብለው ተቀበሉኝ። ከፈቱት። አያ ጃርት ወጣ፣ ተራመደ፣ ግራ እግሩን ጎተተ፣ ወገቡን ነቀነቀ።

ክው አልኩ። ጃርቱ ያነክሳል! ጓደኛዬ ለካ ማንከሱ የአያ ጃርት የራሱ አረማመድ መስሎታል። በዓይኑ ያላየው ሰው በምን ያውቃል? እኔም ጅል፣ አባቴ መነሣታቸው ብቻ ደስ ብሎኝ እግራቸውን ልብ አላልኩትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ አባቴ ከጎናችን ተቀምጠው ያያሉና።

"ውይ በሞትኩት!" አሉ እትዬ። "ምን ሆኖ ነው? እግዜር ይማረው!"

ከዚያ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ይመሩት ጀመር። ጃርቱ ቦዩ ጋ ደረሰ። እትዬ አቆሙት።

"እዚህ ጋ ሲጫኑት ይዘላል፣ እትዬ" አልኩ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ።

"በዚህ እግሩ? ግፍ አይሆንብኝም? ተይው ይረፍ።" ካልነኩት ቁጭ ብሎ ድንች እንዲበላ አድርገን ነበርና ቁጭ አለ። እትዬ ጃርቱን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

አባቴን ለማየት አፈርኩ። "እናስተካክለዋለን አባዬ፣ ስሕተት ነው፣ ዛሬውኑ..." ስል እጃቸውን ዘረጉ።

"እስቲ ወዲህ በይው።"

ስልኩን ተቀብለው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ጃርቱን አስነሡት። ወደ ኋላ አስኬዱት፣ ወደ ፊት አስኬዱት። ያነክሳል፣ ይጎትታል፣ ይነቀንቃል። አባቴ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ አያ ጃርትም ከነማንከሱ ሣሩን በትኖ ሽቅብ ጓነና ከቦዩ ማዶ ዱብ አለ።

"እሰይ!" ጮኹ አባቴ። "አያችሁ? ይዘላል! እግሩን ስላመመው አይዘልም ያላችሁ ማን ነው? ማን ነው ይረፍ ያላችሁ?" ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ድምፃቸው ግን የሜዳው ድምፅ ነበር፣ ያ ሁሉ ተማሪ በአንዴ ቀጥ የሚልለት። እትዬ ምን እንዳጠፉ ባይገባቸውም እልልታቸውን አቀለጡት። እናቴ ቢላዋ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች።

ከዚያማ ማን ይቀማቸው! ቦይ ውስጥ ገቡ፣ ወጡ፣ እንደገና ገቡ፣ ጓደኛዬን በሌለበት ሰደቡት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጃርቱን ትምህርት ቤቱ ሜዳ አደረሱትና ቅንድባቸውን ቋጠሩ።

"ይሄ የሜዳው በር በዚህ በኩል አይደለም።"

"ነገ ፎቶ አንሥቼ እመጣለሁ።"

"ፎቶ ምን ያውቃል? እኔው አሳይሻለሁ። እግሩን ግን እንዳትነኩት፣ ለዚያ ልጅ ንገሪው።"

በማግስቱ ጠዋት ጫማቸውን አሥረው አገኘኋቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ብረቱ ላይ ጣል አደረጉ። ከፈቱት። ዳገቱን ቀስ እያልን ያዝነው፤ እሳቸው በዱላቸው፣ እኔ ክንዳቸውን እንዳልይዝ ተቆጥተውኝ አንድ እርምጃ ከኋላ። ብዙም ሳንርቅ ባጃጅ አጠገባችን ጥግ ይዞ ቆመ። ያው ነጂ ነው።

"ቲቸር! ምነው ወጡ? በእግርዎ? ይግቡ፣ ይግቡ ላድርስዎ።" ወደ እግራቸው አየና ከንፈሩን ሊመጥጥ አሞጠሞጠ።

አባቴ ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ጥቂት ተራመዱ፣ እግራቸውን ጎተት አደረጉ፣ ቆም አሉና ወገባቸውን ነቀነቁ። ሣር ስለሌለ ኪሳቸው ውስጥ የቤቱ ቁልፍ ተንኮሻኮሸ።

የልጁ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። "ኧረ በማርያም! አያ ጃርት? እርስዎ ነበሩ? ኳስ ሊያመጡ ሄዱ እያሉን..."

"አሁንም ኳስ ላመጣ ነው የምሄደው" አሉ አባቴ። "ዞር በል ከመንገዴ።"

ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ባጃጁን እዚያው ትቶ፣ በአንድ እጁ እንባውን እየጠረገ "አያ ጃርት! አያ ጃርት!" እያለ ከኋላችን ተከተለ። አባቴ ዘወር ሳይሉ ዱላቸውን ከፍ አድርገው "ጉልበት ከፍ!" አሉት። ይሄ ጎልማሳ፣ የልጆች አባት፣ ጉልበቱን ከፍ አደረገ። መቅረጽ ትዝ ያለኝ ሜዳው ስንደርስ ነው። በሩ እውነትም አባቴ ባሉት በኩል ነበር።