«ኡስታዛ አረቢያ ወሰደው»

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን የተመደብኩት ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ መንደር ነበር። ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ቤታቸው በርታ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛን የሚሰሙት ከእኔ አፍ ነው። እኔ ደግሞ የጎጃም ልጅ ነኝና ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አላውቅም።

አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጭነት መኪና ሣልኩ። ጎማውንም ጋቢናውንም አሳምሬ ሣልኩና «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«አረቢያ!» አለች ከፊት የተቀመጠችው ልጅ። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ «አረቢያ! አረቢያ!»

«አረቢያ አገር ነው» አልኩ። «ይሄ መኪና ይባላል።»

ሳቁብኝ። በሩ ላይ ተቀምጦ የነበረው የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ሳቀ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከመንደሩ ሰው የተሻለ አማርኛ የሚችለው እሱ ስለነበር ስንቸገር የሚያስተረጉምልን እሱ ነው። «ኡስታዛ» አለኝ፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፣ ከዐረብኛ የመጣ ነው። «መኪና እዚያ ነው።» በጣቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ አመለከተ፤ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። «እሱ እህል ይፈጫል። ይሄ የሚሄደው፣ ሰው የሚጭነው፣ አረቢያ ነው።»

ገባኝ። ድንበሩ ቅርብ ነው፤ ከማዶ በንግድ የመጣው ቃል እዚሁ ቤቱን ሠርቷል።

ቅዳሜ አሶሳ ስገባ ለባሌ ነገርኩት። እሱ ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ ከአዲሶቹ የክልሉ ቢሮዎች በአንዱ ይሠራ ነበር። አንዲት በርታ እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ እኔ ሳምንቱን መንደር ሰንብቼ ቅዳሜ ባገኘሁት ጭነት መኪና እመጣለሁ። እየሳቅሁ አወራሁለት። አብረውኝ የሚሳፈሩት ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች አውቶቡሱን ሎንቺና እንደሚሉት፣ ከባምባሲ የምትመጣው ነጋዴ ኮንኮላታ እንደምትለው፣ እናቴ ደግሞ ጎማ ያለውን ሁሉ ካሚዮን እንደምትለው። «ልጆቹማ አረቢያ ይሉታል!» አልኩት። የሬዲዮኑን ማስተካከያ እየነካካ «እህ፣ እህ» ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ኑሯችን ቀና አልነበረም። ወደዚህ አገር መምጣቱን አልወደደውም፤ ደመወዝ ይዘገያል፣ ክረምቱ ረጅም ነው፣ እኔም ነጭናጫ ሆኜ ነበር። አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አረብ አገር ሄዳ ለእናቷ የቆርቆሮ ቤት እንዳሠራች ሰምተን ነበር፤ አንድ ቀን ስንጨቃጨቅ «እኔም እንደሷ ብሄድ ይሻለኝ ነበር» ብዬዋለሁ። በንዴት የተባለ ነገር ነው። ወዲያው ረሳሁት። እሱ ግን አልረሳውም ኖሯል።

ወባው የያዘኝ ዝናቡ ሊያባራ በተቃረበበት ወቅት ነው። አርግዣለሁ ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። በሚመጣው ቅዳሜ ለባሌ ልነግረው ወስኜ፣ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው እያሰብኩ ሰነበትኩ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ብርድ ብርድ አለኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የዘበኛው ሚስት ቤቷ አስገብታ ያላትን ልብስ ሁሉ ደረበችብኝ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልተወኝም። ሲነጋ የማወራው ነገር ለራሴም አይገባኝም ነበር።

ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ መኪና አያሳልፍም። ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ተሻግሮ መንደሩ ውስጥ ያደረ አንድ የጭነት መኪና ነበር፤ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ኩርሙክ የሚሄድ። ዘበኛውና ሾፌሩ ተጋግዘው ጋቢና አስገቡኝ። ሾፌሩ የወለጋ ሰው፣ ጴንጤ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለለና ጭንቅላቴ በሩን እንዳይመታ አስደገፈልኝ፤ መንገዱን ሁሉ መዝሙር በአፉ እያንጎራጎረ ነዳ። የማስታውሰው ይህንን ብቻ ነው። ዘበኛው ደግሞ ውኃው ጎደል ሲል በእግሩ ተሻግሮ ለባሌ ሊነግር ቃል ገባ።

ኩርሙክ ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ተሰክቶልኝ ስነቃ ወገቤን ያመኝ ነበር። ከዚያ ደም መጣ። የምታስታምመኝ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ የተነጠፈልኝን ጨርቅ አየችና አየችኝ።

«ልጅ ነበረ እንዴ እህቴ?» አለችኝ።

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት። ጨርቁን ጠቅልላ ወጣች፤ ስትመለስ እጇን ታጥባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ መጠበቅ ሆነ። መኪና ከሩቅ በተሰማ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች «አረቢያ! አረቢያ!» እያሉ በመስኮቱ ሥር ይሮጣሉ፤ እኔም በክርኔ ተደግፌ ቀና እላለሁ። ባሌ ነው እላለሁ። የሚወርደው ነጋዴ ነው፣ ወታደር ነው፣ የማላውቀው ሰው ነው። ቅዳሜ አለፈ። ወንዙ ነው አልኩ። ሌላም ቅዳሜ መጣና ሄደ። ፈቃድ ከልክለውት ነው አልኩ። የአጠገቤ በሽተኛ ባል በየቀኑ አጥሚት ይዞላት ይመጣል፤ እሷ ለእኔ ስታካፍለኝ እንባዬን እንዳታይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሞቶ ይሆናል። እሱ ሞቶ ነው፣ የሚነግረኝ ሰው ያጣሁት ለዚያ ነው። ያ ፍርሃት ከአልጋ አስነሳኝ። የጤና ረዳቱ «ገና ነሽ» እያለኝ ወጣሁ።

የመለሰኝ ያው ሾፌር ነው። መንደሩ ስንደርስ ዘበኛው ሮጦ መጣ፤ ሁለት እጄን ይዞ አላህን አመሰገነ።

«ለባሌ ነግረኸዋል?» አልኩት።

«ነገርኩት፣ ኡስታዛ። ቢሮ በር ድረስ ሄጄ፣ ለራሱ ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሣና ገባ።»

በሕይወት መኖሩን ሰምቼ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነልኝም። ሰምቶ ከገባ ለምን አልመጣም? ሾፌሩ የሆዴን የተረዳ ይመስል እስከ አሶሳ ድረስ አላንጎራጎረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢያችን ደረስኩ። አከራያችን በር ላይ ቆማ ነበር። አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ምን አከሳሽ? ጎጃም ወላጆችሽ ዘንድ ሄደሽ አልነበር?»

«ማን አለ?»

«ባልሽ ነዋ።»

ቤት ገባሁ። ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ተነሣ። ሊያቅፈኝ አልመጣም፣ እግዜር ይማርሽም አላለም። ቆሞ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ከሾፌሩ ጋር ተጣላችሁ?» አለኝ።

«የቱ ሾፌር?»

«ይዞሽ የሄደው።»

«ነፍሴን ያተረፈው?»

«ተይ እንጂ! ሰውየው እኮ እዚህ ድረስ መጥቶ ነግሮኛል። አረቢያ ልትሄጂ ነው የተነሣሽው።»

ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። «እስቲ እንዳለህ ንገረኝ» አልኩት። «በራሱ ቃል።»

በቃሉ ያዘው ኖሯል። ስንት ጊዜ ለራሱ ቢደግመው ነው አልኩ በሆዴ። «‹ኡስታዛ ሄደ። አረቢያ ወሰደው። ኩርሙክ።› አለኝ። ወዴት ብዬ ስጠይቀው ‹አረቢያ!› አለ። ከማን ጋር ስለው ‹ሾፌር ጋር፣ ጋቢና ገባ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልጠይቀው? ‹ሙቀት ብዙ፣ ሙቀት ያዘው› ይል ነበር፤ የኩርሙክን ቆላ የሚያወራ መሰለኝ።»

በሩን ከፍቼ አከራያችንን ጠራኋት።

«እማማ፣ አረቢያ ማለት ምንድን ነው?»

«የምን አረቢያ?» አለች ግራ ገብቷት። «የሚነዳው ነዋ! አሁን ያመጣሽ።» የባሌን ፊት ስታይ ነጠላዋን ሰብስባ ቀስ ብላ ሄደች።

«ነግሬህ ነበር» አልኩት።

«መቼ?»

«ቅዳሜ ዕለት። የልጆቹን፣ የሰፋሪዎቹን፣ የእናቴን፣ ሁሉንም አውርቼልሃለሁ።»

አሰበ፤ ከልቡ አሰበ። አላስታወሰም። ያኔ ስለ ልጁ ነገርኩት። ልጅ እንደነበረ፣ ልነግረው ያሰብኩበትን ቀን፣ ኩርሙክ እንደቀረ። ግድግዳውን ታክኮ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አጠገቡ ነበርኩ፤ እጄን ግን ልሰድለት አቃተኝ።

በማግስቱ ይባስ ያለው መጣ። ባሌ ለአባቴ ስልክ ደውሎ «ልጅዎ ጥላኝ ወደ አረብ አገር ሄደች» ብሎት ነበር። አብረን ቴሌ ሄድን፤ አባቴ እስኪጠራልን ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ድምፁ ሲመጣ ያስተጋባ ነበር።

«ከየት ነው የምትደውይው?» አለኝ።

«ከአሶሳ፣ አባዬ። የትም አልሄድኩም። ታምሜ ነው።»

«እሺ» አለ።

«እዚህ አረቢያ የሚሉት መኪናን ነው። መልእክተኛው መኪና ወሰዳት ሊል ነው፣ አባዬ።»

«እሺ፣ ልጄ። እሺ።»

ውሸታም ልጅን የሚያባብል ሰው እንደዚያ ነው እሺ የሚለው።

ዘበኛው ነገሩን ሲሰማ ከትምህርት ቤት ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄድኩ። «አማርኛዬ ቤትሽን አፈረሰው» አለኝ፣ ዓይኑን ሰብሮ። «የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፣ አንዲት ነገር አልሳትክም» አልኩት። ሚስቱ ለውዝ ቆልታ አቀረበችልኝ፤ በልቼ ነው የተነሣሁት። ሰኞ ሥራው ላይ አገኘሁት፤ ከዚያ በኋላ ግን በአማርኛ መልእክት አድርስ ሲሉት እምቢ ይላል።

ባሌ ሽማግሌ ፊት እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅር ብያለሁ አልኩ፤ ከልቤም ነበር። ቃል ማንም ይስታል። እኔን ያሳመመኝ ሌላ ነው፤ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅሁት።

«እሺ፣ ጥላኝ ሄደች ብለህ አመንክ እንበል። ኩርሙክ ሩቅ አይደለም። ልትሰድበኝ እንኳን ለምን አልመጣህም?»

«አፈርኩ» አለኝ። «ሰው ፊት ምን ብዬ ነው ሚስቴን የምፈልገው?»

እኔ በየመኪናው ድምፅ ቀና ስል፣ እሱ ያፍር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሊክሰኝ ብዙ ጣረ። አፌን ስከፍት የያዘውን ይጥልና ይሰማኛል፤ ተራ ወሬ ሳወራ እንኳን ግንባሩን ቋጥሮ፣ እንደ ተማሪ። ከድሮው «እህ» የበለጠ ከበደኝ። መሳቅ አቃተን። ጥቂት ቆይቶ ወደ አገሩ ዝውውር ሲያገኝ «አብረን እንሂድ» አለኝ። «ልጆቹን ዓመቱን ላስጨርሳቸውና እመጣለሁ» አልኩት። ሁለታችንም እንደማልመጣ እያወቅን ሻንጣውን አብረን አሰርን።

ትምህርት ሲዘጋ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እናቴ እግሬን አጥባ ሳመችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ጎረቤቶቻችን ግን ከጅዳ ምን ይዤ እንደመጣሁ እየጠየቁ ሻንጣዬን በዓይናቸው ይበረብሩ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወደ ኋላ አስቀረኝ።

«ልጄ፣ አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ወንዙን፣ ወባውን፣ ሾፌሩን። የልጁን ግን ለአባቴ መናገር አልቻልኩም። ሰምቶ ሲጨርስ መቋሚያውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገና «ዋናው በሰላም መመለስሽ ነው» አለኝ። ከየት መመለሴን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ወደ አሶሳ ብቻዬን ተመለስኩ። ከባሌ ጋር ያለ ፀብ፣ በሽማግሌ ተለያየን። መንደሯ ላይ ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። በርታም ቀስ በቀስ ለመድኩ፤ የተማሪ እናቶች ታመምን ብለው ሲመጡ እኔው ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄጄ የሚሉትን አንድ በአንድ አስተረጉማለሁ። ባሌ አገሩ ላይ ሌላ አግብቶ ልጅ እንደወለደ የሰማሁት ከሰው ነው። እንኳን ማርያም ማረቻችሁ ብዬ ላክሁበት፤ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነው የላክሁት። ያን ቀን ግን እህል አልቀመስኩም።