የእሳት ነው ያልኩት እግር

እኛ ጉራጌዎች የእሳት ምልክትን ለመለየት ሐኪም አያስፈልገንም። አገራችን ቸሃ ውስጥ ምድጃው የቤቱ መሃል ላይ ነው፤ ሴቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ቅልጥማቸው ላይ ቡናማ መረብ ይወጣባቸዋል። መረብ የሌላትን ሴት ባለሙያ ናት ብትሉን አናምንም።

ስለዚህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ ወልቂጤ እኔ ቤት ሆና፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ቅልጥሟ ላይ የወጡትን ሐምራዊ መስመሮች ስታሳየኝ፣ የያዝኩትን ሻይ እንኳ ሳላስቀምጥ «የእሳት ነው» አልኳት። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ይህን ሁሉ እውቀት ተሸክሞ መጠራጠር ነውር ነው። ጎረቤቶችም እየመጡ አይተው አጸደቁልኝ። አንዷ ቅቤ ተቀቢ አለቻት፤ ተቀባች።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አምልጣኛለች። እህቴን ከገጠር ካመጣኋት ሦስት ዓመት አልፏል፤ የምታበስለውም በኤሌክትሪክ ነው። «ከእሳት ገላገልኳት» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ስጎርር የኖርኩት እኔው ነኝ!

ቆይቶ ብርጭቆ ከእጇ እየወደቀ ይሰበር ጀመር። «እትዬ፣ የከተማ ዕቃ አልወደድሽም መሰለኝ» እያልኩ እስቅባት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ቀኝ እጇም አልታዘዝ አላት።

ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእህቴን ቅልጥም አየችና ዙሪ አለቻት። መስመሩ ከኋላም ጭኗን ይዞ እስከ ወገቧ ወጥቷል።

«መምህር፣ እሳት የምትሞቀው ጀርባዋን ሰጥታ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ እንደ ሰነፍ ተማሪ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የእሳት ምልክት ለእሳቱ በተጋለጠው ጎን ብቻ ይወጣል፤ ቡናማ ነው። ብርድ የሚያመጣው ደግሞ ሙሉ መረብ ሆኖ ይታይና ገላ ሲሞቅ ይጠፋል። የእህቴ ግን ብርድ ልብስ ውስጥም አይጠፋም፤ ቀለበቶቹም ተቆራርጠው ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ትንንሽ የደም ሥሮቿ እየተዘጉ ነበር፤ አንጎሏም ውስጥ አንዱ ተዘግቷል። እኔም ሁሉንም ድሮ እንደማውቅ ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩ።

አሁን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። አፏ ተመልሷል፤ ቀኝ እጇ አልተመለሰም። ባለፈው እያጎረስኳት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አፈርኩ፣ አለቀስኩም።

«እሳት አለመሆኑንማ አውቅ ነበር» አለችኝ ጉርሻዋን ውጣ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነበራ። አንተ የእሳት ነው ስትለኝ ደስ አለኝ።»