ምጥ ባለበት ቤት

ልጆቼ ንገሪን ንገሪን ብለው ነዘነዙኝ። እነሱ የሚፈልጉት ጥይት የጮኸበትን ነው። እኔ የማውቀው ግን የአንድ ክፍልና የአንዲት አራስ ነገር ነው፤ እሱን እነግራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩምና የልጅ ልጄ ትጻፈው። እንዳታሳምረው ብያታለሁ።

እግሬ አርፎ አያውቅም። ዱበርቲ ነኝ፤ ሴት ምጥ ሲጠናባት ይጠሩኛል፣ ሄጄ ዱአ አደርጋለሁ፣ ወገቧን እይዛለሁ። እስላሟም ክርስቲያኗም ትጠራኛለች። ያን ጊዜም ወግዲ በኩል አንዷን አገላግዬ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ኬላ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙኝ።

«የት ነበርሽ?» አለኝ አንዱ፣ ከመጨረሻ ልጄ የሚያንስ።

«ሴት ሳዋልድ።»

«ለማን ነው መልእክት የምታመላልሺው?»

የት ነበርሽ! እኔን! በኛ አገር የተጣላህ ጎረቤት እንኳ አሮጊት ካየ አንቱ ብሎ ነው የሚጣላ። ደሜ የፈላው ገና እዚያ ላይ ነው።

ያስገቡኝ ትምህርት ቤት ነው። በዕድሜዬ ትምህርት ቤት የገባሁት ያን ቀን ነው፤ እሱም ከኋላዬ ተቆልፎ። ዴስኮቹን አውጥተዋቸዋል፣ መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል። የጠመኔና የሽንት ሽታ ተደባልቆ ይከረፋል። ጥቂት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሰሌዳው ሥር አንዲት ልጅ እግር አለች፣ ሆዷ ከፊቷ የሚቀድም።

«አብሽሪ ልጄ። ወርሽ ገባ?» አልኳት።

«ገብቷል እማማ።»

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ያውም የዚያው ክፍል። ስታስተምር መጥተው ወሰዷት፤ ልጆቹን በትነው ደግሞ መልሰው እዚያው አስገቧት። «ባልሽ ጫካ ገብቷል፤ እሱ እስኪመጣ ትቀመጫለሽ» ነው ያሏት። ባሏ ጅዳ ነው፣ የሰው ቤት ዘበኛ። ምላ ነገረቻቸው። ማን ይስማት።

ሰሌዳው ላይ የጻፈችው አልጠፋም ነበር። ከላይ አንድ አጭር ቃል በትልቁ፣ ከሥሩ ብዙ መስመር።

«ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ራን ይላል። ሮጠ ማለት ነው።»

«ሮጠ ለማለት ይሄ ሁሉ ጽሕፈት?»

ሳቀች። «ብዙ ነው እማማ። ውሃ ሲፈስም ራን ነው። አፍንጫ ሲፈስም። ሞተር ሲሠራ፣ ጨርቅ ታጥቦ ቀለሙን ሲለቅ፣ መንገዱ ከዚህ ወግዲ ሲዘልቅ። ሰው ሱቁን ሲያስተዳድር፣ ለምርጫ ሲወዳደር እንኳ።»

«በአንድ ቃል?»

«በአንድ ቃል።»

«ቸግሯቸዋል በዪኛ! ለአፍንጫና ለመንግሥት አንድ ቃል!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አስተማሪ ናት፣ አትለቅም። «እኛስ? ያዘ እንል የለ? ጉንፋን ያዘው፣ ሥራ ያዘ፣ ችግኙ ያዘ፣ ወታደር መንገዱን ያዘ፣ ፖሊስ ያዘው...»

«በይ ተይ፣ ይቺን የመጨረሻዋን አታንሺብኝ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ውሏችን እሱ ሆነ። በስባሪ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ትጨምራለች፣ እኛ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንቀበላለን። ክፍሏ ነውና እሷ ስትቆም እኛ ተማሪ ነን። እስር ቤት መሆኑን የምንረሳው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን፣ የዙህር ሶላት ሳይደርስ፣ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ።

«እማማ፣ ውሃው ሮጠ» አለችኝ። እየሳቀች ነው፣ እንባዋም እየወረደ ነው። እግሯ ሥር ሳይ የሽርት ውሃዋ ፈሷል።

በሩን በመዳፌ ደበደብኩት። አለቃቸው መጣ። ጤና ጣቢያው ከአጥሩ ማዶ ነው፣ ጣሪያው በበሩ ስንጥቅ ይታያል።

«ምጥ ይዟታል፤ አሻግሯት» አልኩት።

«ባሏ ይምጣና ያሻግራት» አለ በበሩ ስንጥቅ። «ይሄ በር አይከፈትም።» ጫማው እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት።

ምጡ ጠና። ልጁ ይመጣል፣ ይመለሳል። የልጅቱ ከንፈር ነጣ። «ማርያም ማርያም» ትላለች፣ እኔ «ያ ረቢ» እላለሁ።

በኛ አገር ምጥ ባለበት ቤት የተዘጋ ነገር አይተውም። ሳጥኑ ይከፈታል፣ በሬው ከቀንበሩ ይፈታል፣ ባልየው ቀበቶውን ይፈታል። ሲብስ ጎረቤቱም በሩን ወለል ያደርጋል። እኛም ያለንን ፈታን። መቀነታችንን፣ ሻሻችንን፣ ሹሩባችንን ሳይቀር። የጫማዋን ክር አንዷ በጥርሷ ፈታችው። የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ውጭ የቆመው ዘብ በአነጋገሩ የሳይንት፣ የዚሁ የኛው አገር ልጅ ነው። ቁልፉ እሱ ዘንድ መሆኑን አውቃለሁ።

«አንተ ልጅ!» አልኩት። «እናትህ አንተን ስታምጥ በር ተዘግቶባት ነበር?»

የጫማው ድምፅ ወደ በሩ ቀረበ።

«እኛ ያለንን ሁሉ ፈትተናል። የቀረው ያንተ ነው።»

«ትእዛዝ ነው እማማ፣ አይፍረዱብኝ።»

«ትእዛዙ ያዋልዳታል?»

ዝናሩን ሲፈታ ሰማሁ፤ ጥይቱ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ። ቀጥሎ ቁልፉ ጮኸ። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ጀርባውን ሰጠን።

ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ጊዜ አልፎ ነበር። የልጁ ራስ ታየኝ። «አሁን ግፊ፣ አሁን!» አልኳት። ሕፃኗ ወጣችና ጮኸች። ሴት ናት።

ጩኸቱን ሰምቶ አለቃው እየሮጠ መጣ። «ዝጋ!» አለ ዘቡን። እንግዴ ልጁ ገና አልወጣም። ሕፃኗን ለሌላዋ አቀብዬ ሄድኩና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄ በደም እንደተነከረ።

«ተነሺ።»

«እንግዴ ልጁ ሳይወጣ ከዘጋህ በላዬ ላይ ዝጋ።»

እሱ ቆሞ፣ እኔ ተቀምጬ ተያየን። ከዚያ እልል አልኩ። ለሴት ልጅ እልልታ የሚቀንሱ አሉ፤ እኔ አልቀነስኩም። ከኋላዬ ያሉት ተቀበሉኝ። ቀጥሎ ከአጥሩ ውጭ፣ በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች፣ የማን እንደተወለደ ሳያውቁ ተቀበሉን። እስር ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሄደ። በሩ እስኪመሽ ድረስ አልተዘጋም፤ አራሷንም በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ አሻገርናት።

ኋላ ሁላችንንም ለቀቁን። ለምን እንደያዙን አልነገሩንም፣ ለምን እንደለቀቁንም። ሕፃኗ ዛሬ ጥርሷን እየነቀለች ነው። ክፍሉም ወደ ትምህርት ቤትነቱ ተመልሷል፤ በዚያ ሳልፍ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነብቡ እሰማለሁ፣ ቆሜም አዳምጣለሁ። ልጆቼ «ይቅር አልሽ?» ይሉኛል። ለዘቡ ዱአ አደርጋለሁ። ለአለቃው የሚሆን ዱአ ግን እስካሁን አፌ ላይ አልመጣም። አላህ ያውቃል።

ባለፈው ዓመት ማሻ ገበያ ላይ አንድ በግ ነጋዴ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ዘቡ ነው። በሩን በከፈተ ማግስት ከሥራ አባረውታል። ጥላ ሥር ተቀምጠን ስናወጋ እንዲህ አለኝ፤

«የአስተማሪዋ ስልክ እኮ የአለቃው መሳቢያ ውስጥ ነበር እማማ። ባሏ ከጅዳ በየቀኑ ይደውላል። አለቃው የአረብ አገር ቁጥር መሆኑን ያያል፣ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ባሏ የት እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር።»

ልነሳ ስል ነጠላዬን ያዘኝ።

«ያን ቀንም» አለኝ፣ «እርስዎ እልል ሲሉ ስልኩ እየጠራ ነበር።»