ከልጄ ጋር የቡ ደርሰን ስንመለስ

ጠዋት፣ ከሰፈራችን ከሄርማታ

ልጄ ሙስጠፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ አፉን አልፈታም። የቡ የምትባል ከተማ ውስጥ እንደሱ ያሉ ልጆች ያሏቸው እናቶች፣ ከልጆቻቸው ጋር ቡና እየለቀሙ የሚተዳደሩበት ቤት አለ ሲሉኝ ላየው ተነሳሁ። እኔ እኮ ገበያ ስወጣ በር ቆልፌበት ነው።

ዘመኑ ግን ወጣት ይዘው የሚጓዙበት አይደለም። የውትድርና አፈሳው ጦፏል። የማይናገር ወጣት ካዩ "ዲዳ መስሎ ሊያመልጥ ነው" ይላሉ። አውቶብሱ ውስጥ ክንዱን ጨብጬ አልለቅም አልኩ። ደግነቱ ኬላው ላይ ወታደሮቹ ቁርስ እየበሉ ነበርና አለፍን። ከዚያ ወዲያ ጠጠር መንገድ፣ ግራ ቀኙ ቡና።

የቡ

ቤቱ ሰፊ ቆርቆሮ ቤት ነው። የገበሬዎቹ ማህበር ጥሬ ቡና ይሰጣቸዋል፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ለቅመው ይመልሱና ክፍያውን ይካፈላሉ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ልጇን ታይላታለች።

ቤቱን ያቋቋሙት ትልቅ ሴት፣ አዴ ሐሊማ፣ በር ላይ ስንተናነቅ አዩን።

"ልቀቂው እንጂ፣ ምን ትጎትችዋለሽ? ፊት ፊቱ ሂጂ፤ ይከተልሻል።"

"ቢጠፋብኝስ፣ አዴ?"

"ሂጂ አልኩሽ።"

ተከተለኝ። ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ እስከ ምሳ ከሰፌዱ ቀና አላለም። የጎደሬ ቅቅል በዳጣ በላን። "ነገም አምጪው" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ነገም ማለት ኬላው ነው።

ከሰዓት፣ ኬላው

የታፈሱ ልጆች የሞሉበት የጭነት መኪና ቆሟል። ሁላችንንም ከአውቶብሱ አወረዱን። አንዱ ወታደር ሙስጠፋን ስሙን ጠየቀው። ዝም።

"ልጄ አይናገርም፣ ጌታዬ።"

"ሁሉም እናት እንዲህ ነው የምትለው።"

ክንዱን ሲይዘው ሙስጠፋ ጮኸ፤ ራሱን ከአውቶብሱ ጋር አጋጨ። ሰውየው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

"አይያዙት፤ ፊት ፊቱ ይሂዱ፣ ይከተልዎታል" አልኩ በድንጋጤ።

ወታደሩ ለቀቀውና ወደ ጭነት መኪናው ተራመደ። ልጄም ዝም ብሎ ተከተለው። በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠሁት።

ሮጬ መሀላቸው ገባሁና ፊቴን ወደ አውቶብሱ አዙሬ መሄድ ጀመርኩ። ዞሬ አላየሁም። ጥይቱን ከኋላዬ እጠብቃለሁ። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ብቻ እላለሁ። ደረጃው ላይ ስወጣ የሙስጠፋን ትንፋሽ ጀርባዬ ላይ ሰማሁ።

ወታደሩ መስኮቱ ጋ መጥቶ ልጄን ረጅም ጊዜ አየው።

"ዛሬ ሂጂ" አለኝ። "ነገ እዚህ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው።"

አመሻሽ፣ ቤት

እህቴ "እንዴት ነበር?" አለችኝ። ልጄ የሚውልበት ቦታ እንዳለ አየሁ፤ ጠዋትና ማታ ኬላ እያቋረጥኩ ግን እንደማላደርሰው ገባኝ። "ይህን ቤት ልለቅ ነው፤ ዕቃ መሸከፉን አግዢኝ" አልኳት። የቡ እንገባለን፣ እዚያው እንኖራለን።

ኬላውን አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍ ይቀረናል። ያቺን አንዷን ጊዜ እፈራለሁ።