ደፍ ላይ የሚቀር እግር

አንዲት የአምቦ እናት ሊፈቱት የተነሡት ችግር አንድ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ሲታዘዛቸው የመጣው እግር የቤተ ክርስቲያኑ ደፍ ላይ ሲደርስ መሬት ይዞ ይቀራል። ጫማቸውን አውልቀው እየተንቀጠቀጡ ይቆማሉ።

«ይሄ ክፉ መንፈስ ነው፤ አላስገባ ብሏቸው ነው» ይላል ከኋላቸው የቆመ ሰው።

«መንፈስ ቢሆን እዚህ ድረስስ መች ያመጣኝ ነበር?» ይሉታል። ግን ይህን ወሬ አንድ ቀን እሳቸውም እንዳያምኑት ይሰጋሉ።

ሕመሙ ፓርኪንሰን ነው። ጉልበታቸው አልከዳቸውም፤ የሚዘገየው ከአንጎል የሚመጣው «ተራመድ» የሚል ትእዛዝ ነው። ደግሞ እንዴት ያለ ድንቅ ነገር አለ! ዓይን የሚሻገረው መስመር ሲያገኝ እግር ብዙ ጊዜ ይታዘዛል። የምትከታተላቸው ነርስ ሸምሲያ የክሊኒኩ ወለል ላይ ነጭ ፕላስተር በመስመር ለጥፋ፣ እሱን እየተሻገሩ እንዲራመዱ አለማምዳቸዋለች።

አሁን ቅዳሴው ሊጀመር ነው። በአንድ እጃቸው መቃኑን ይዘው፣ ከዘራቸውን ከእግራቸው ፊት አጋድመው፣ «የምሻገረው እንጨት ብቻ ነው» እያሉ፣ የቀኝ ተረከዛቸውን ለማንሣት ይታገላሉ።