ሸማውን ልቀቀው፣ እኔን ያዝ

ሸማ ሠሪው አቶ አንጁሎ ዋዳ አርፈዋል። ያረፉት ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ ባለው ቤታቸው፣ ልጆቻቸው አልጋቸውን ከበው ሳሉ ነው። ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ ጌታ ውለታችሁን ይክፈል። ላልሰማችሁ ደግሞ ይኸው ከእኔ ስሙ፤ ከጎናቸው ተቀምጦ ሸማ ሲሠራ ካረጀው ከባሳ።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል። የተወለዱበት፣ ትዳር የያዙበት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑበት ሁሉም በደንብ ተጽፏል። እኔ ቆሜ ሰማሁ፤ ሐይቁ የለበትም። ሐይቁ የሌለበት የጋሽ አንጁሎ ታሪክ ደግሞ ለእኔ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደሌ ወልጋዳ ነው፣ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ጋሽ አንጁሎ የዓባያ ሐይቅ ሰው ናቸው። በውሃው መካከል ካለች ደሴት ተወልደው፣ አሣም ሸማም ከሚያውቁ ሰዎች ጋር አድገው፣ በጎልማሳነታቸው ወደ ጉለሌ መጡ። እኔ ከጋሞ ደጋ ስመጣ አማርኛዬ የተሰባበረ፣ የማውቀው ሰው የሌለኝ ነበርኩ። እሳቸው ከራሳቸው መሥሪያ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ ቆፈሩልኝ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ መርገጫውን እየረገጠ ነውና የሚሠራው፣ ጉድጓድ መቆፈር ማለት ቦታ መስጠት ማለት ነው። «ግባ፣ እግርህ ይሙቅ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ከጎናቸው አልወጣሁም።

ሥራ ላይ ቁጡ አልነበሩም። የሠራሁትን ነጠላ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉና ላልቶ ሲያገኙት መወርወሪያዬን ቀስ ብለው ከእጄ ይወስዳሉ። «ይኼ እኮ ሰው ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው» ይሉኛል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። እኔ ደግሞ ተከራካሪ ነኝ፤ ጠርዙ ደህና ነው እላለሁ። እሳቸው እያዳመጡኝ ይተረትሩታል።

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከደቡብ ታሞ የሚመጣ ሰው አማርኛ አያውቅም፣ ወረቀት ይዞ በር ላይ ይቆማል። ጋሽ አንጁሎ ሥራቸውን አቋርጠው ይሄዱና ከአጥሩ ጥግ ቆመው ያዳምጣሉ። የጋሞ ወይም የወላይታ ቋንቋ ጆሯቸው ውስጥ ከገባ ሄደው እጅ ይይዛሉ፤ ሐኪም ፊት ያስተረጉማሉ፣ ማታ ቤታቸው ያሳድራሉ። ቤቱ ጠባብ ነው። እንግዳ ሲበዛ እኔ ጋ ይልኩና እኔ አጉረመርማለሁ። ይኼ ቤት ነው ወይስ መነኻሪያ ስላቸው፣ «ሰውዬው መታመሙ ሳያንሰው የሚያናግረው ሰው ይጣ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላም አጉረመረምኩ እንጂ አንድም እንግዳ አልመለስኩም።

አሁን ወደ ሐይቁ ልግባ።

አንድ የመስቀል ሰሞን እህታቸውን እትዬ ዳልጌን ሊጠይቁ፣ በዚያውም ሸማ ሊሸጡ ወደ ደሴታቸው ተነሡ። ና አብረን እንሂድ አሉኝ። እኔ ሐይቅ ከተራራ ላይ ቁልቁል እንጂ ከቅርብ አይቼ አላውቅም። ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ቡሉኮውን፣ የራሳችንንም የጎረቤትንም ሥራ በማዳበሪያ ከረጢቶች ጠቅጥቀን፣ በገመድ አስረን አርባ ምንጭ ወረድን። ከሐይቁ ዳር የእንጨት ጀልባ ነበረች፣ ከኋላዋ ሞተር ያላት።

ጀልባ ነጂው እስሮቹን ከመቀመጫው ሳንቃ ላይ አድርጓቸው አለ። እኛ እንቢ አልን። የሸማኔን ነገር ታውቁ የለ፤ አዲስ ሸማ ላይ ውሃ ጠብ ካለ የሞትን ነው የሚመስለን። ሞገዱ የሚረጨው ከላይ ነው፣ ስለዚህ ሸማውን ከታች ከጀልባዋ ወለል ላይ ደልድለን እኛ ከላዩ ተቀመጥንበት። ጋሽ አንጁሎ የውሃ ልጅ ሆነው ይኼን እንዴት እንዳደረጉት በኋላ ራሳቸውን ይገርማቸው ነበር። «ሐይቁን ረስቼ ሸማኔ ሆኜ ነበር» ይላሉ።

የዓባያ ውሃ ቀይ ነው፤ ጭቃ የተበጠበጠበት ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው አይታይም። መካከል ስንገባ ጀልባዋ ቀስ በቀስ ከበደች። ነጂው ሞተሩን ረገመ። እኛ የተቀመጥንበት ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ አላየንም። ለካስ ከወለሉ አንዱ ሳንቃ ተሰንጥቆ ውሃ ይገባ ኖሯል፤ የገባውን ሁሉ ሸማው ከሥር ከሥር ይጠጣዋል። ጥጥ ነው፣ ጠገብኩ አይልም። ሐይቁን ከበታችን አስረን ይዘን ነበር የምንሄደው።

ከዚያ ጉማሬ ከፊታችን ብቅ አለ። ነጂው ሊዞር ሲል ጀልባዋ አልዞር አለች። ነፋሱም ተነሥቶ ስለነበር አንድ ሞገድ በጎን መጥቶ ጭናችን ላይ ተደፋ። ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን ከእስሩ ሥር ሰደዱ። ሊጥ ውስጥ የገባ ይመስል እስከ ክርናቸው ሰመጠ። የእሳቸውን ፊት እንደዚያ ሆኖ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «አውጣ» አሉኝ፣ «ሁሉንም አውጣ።»

የራሰ እስር ለሁለት ሰው አይነሣም። ገመዱን ፈትተን አንድ በአንድ እየጎተትን ወደ ውሃው ጣልነው። ነጠላው ቀዩ ውሃ ላይ ተዘረጋ፤ ጥበቡ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ነጠላ ጉማሬው ጆሮ ላይ ቀርቶ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ይኼን ሲያወሩ ለበዓል ለብሶ የወጣ ነበር የሚመስለው ይሉና ሰው ያስቁ ነበር። ያን ጊዜ ግን የሳቀ የለም።

እኔ የመጨረሻውን እስር አቅፌ አልለቅም አልኩ። ዋና አላውቅም፤ ከሰጠምን ይንሳፈፍልኛል ብዬ ነው። ነጂው ጣልልኝ እያለ ይጮሃል። ጋሽ አንጁሎ አልጮኹም። ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብለው፣ «ባሳ፣ ሸማውን ልቀቀው፣ እኔን ያዝ» አሉኝ። ለቀቅሁት። እሳቸውን ያዝኩ።

ከዚያ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቁና ተቀመጡበት። ጥጥ ሲርስ ያብጣልና ስንጥቁን ያዘው። ነጂው በተቆረጠ ጀሪካን ውሃውን እየቀዳ ይደፋል፤ ጋሽ አንጁሎ ጋቢያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ወገባቸውን ይዣለሁ። እንዲህ ሆነን ደሴቱ ደረስን።

የእኔ ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደሴት ነዋ፤ ለመመለስም ጀልባ ያስፈልጋል። ገበያ በዋለ ቁጥር ጀልባ ይመጣል። ዕቃዬን ይዤ እስከ ዳሩ እወርዳለሁ፣ ውሃውን አያለሁ፣ ዕቃዬን ይዤ እመለሳለሁ። እትዬ ዳልጌ ምላሳቸው ሹል ነው። ደሴታችን አማች አገኘች፣ ሚስት ፈልጉለት፣ ይኼ ሰውዬ አይሄድም እያሉ መንደሩን አሳቁብኝ። አሣውን ሲሰጡኝ ደግሞ፣ «ብላ፣ አይዞህ፣ ይኼኛው ውሃ ውስጥ አይደለም» ይላሉ።

ጋሽ አንጁሎ አንድም ቀን ተነሥ እንሂድ አላሉኝም። ጉለሌ ሚስትና ልጆች ይጠብቋቸዋል፣ እኔን ትተው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከእህታቸው ቤት አጠገብ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ከመንደሩ ድር ለምነው ሸማ መሥራት ጀመሩ። ለምን ይቆፍራሉ ብላቸው፣ ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ ነው አሉ። እኔ ግን ገባኝ። እንዳላፍር ነው። እሳቸው ሥራ ይዘው ስለቆዩ እኔ ያስቀረኋቸው አይመስልም።

አንድ ጠዋት ራሴ ሄጄ እርስዎ አይፈሩም ወይ አልኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ» አሉኝ ከጉድጓዱ ሆነው። «አንተ ስትፈራ ሰው ያይሃል፣ እኔ ስፈራ ዝም እላለሁ። ልዩነታችን ይኼው ነው።»

በሚቀጥለው ገበያ ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ጋሽ አንጁሎ እጄን ያዙኝ። ሙሉውን መንገድ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የብስ ላይ ስረግጥ ዞር ብዬ ምዬ ተናገርኩ፤ ከእንግዲህ ባሳን ውሃ ላይ የሚያየው ሰው የለም አልኩ። መሐላው እትዬ ዳልጌ ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ ጋሽ አንጁሎ ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ የደረቀ አሣና ደህና ነው ወይ ያ የደጋው ሰው የሚል ሰላምታ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

ሐይቅ ስለቀረው ሸማ ደግሞ ይኼን እወቁ። ጉለሌ እንደገባን ጋሽ አንጁሎ አደራ ወደ ሰጡን ጎረቤቶች ቤት ለቤት ሄደው፣ ሸማውን ከሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ብለው ነገሯቸው። እኔም ነበርኩበት ብል ጥፋቱ ውስጥ አላስገቡኝም። ከዚያ ተቀምጠው የሁሉንም መልሰው ሠሩ። ያን ዓመት የራሳቸው ትከሻ ላይ የነበረው አሮጌ ኮት ነው። ጋቢያቸው ጀልባዋ ውስጥ ቀርቷል።

ዘንድሮ ታመሙ። ሲደክማቸው፣ ልጃቸው ታደሰ ለአክስቱ ለእትዬ ዳልጌ ልደውል ወይ አላቸው። ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ዳልጌን በስልክ እንዳትገድሏት» አሉ። ማን ይሂድ አላሉም። ወደ እኔም አላዩም። ይኼን በደንብ አስተውያለሁ፣ ወደ እኔ አላዩም።

ከቀብር በኋላ መርዶውን ማን ያድርስ ተባለ። አገራችን መርዶ የሚነገረው በአካል ነው፤ ትልቅ ሰው ሄዶ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ሲነጋጋ ነው። ታደሰ ብቻዬን ልሂድ አለ። ልጅ የአባቱን መርዶ ለአክስቱ አይነግርም አልኩት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወይ ታመዋል ወይ መቆም አይችሉም። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ታደሰ ቀስ ብሎ፣ «ጋሽ ባሳ፣ እርስዎ እኮ ውሃ...» ሲል ዝም በል አልኩት።

ከታደሰ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። አሁን ጀልባ ላይ ሲወጣ የሚለበስ፣ ብርቱካንማ ቀለም ያለው መንሳፈፊያ አለ። ሁለት ስጠኝ አልኩት ነጂውን። አባባ፣ አንዱ ይበቃል አለ። ሁለት ስጠኝ አልኩህ አልኩት። አንዱን ለበስኩ፣ ሌላውን አቀፍኩ። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፣ ውሃውም ያው ቀይ ነው። መካከል ላይ አንድ ሞገድ ሲያነሣን ጌታን ጠራሁ፣ ጋሽ አንጁሎንም ጠራሁ። ታደሰ አልሳቀም።

የመከርነው እንዲህ ነበር፤ ቀስ ብለን እንወርዳለን፣ ለመንደሩ ሽማግሌዎች እንነግራለን፣ እትዬ ዳልጌ እራታቸውን በልተው ይደሩ፣ ሲነጋ ተሰብስበን እንገባለን። ነገር ግን እትዬ ዳልጌ ዳሩ ላይ ተቀምጠው አሣ ይበልቱ ነበር። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን አላረጀም። ታደሰን አላዩትም። ያዩት እኔን ነው። ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ባሳ ነህ?»

«ነኝ እትዬ።»

«በውሃ መጣህ።»

«በውሃ መጣሁ።»

«እንግዲያው ወንድሜ የለም» አሉ።

መርዶው እኔው ነበርኩ። እትዬ ዳልጌ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። የመንሳፈፊያው ማሰሪያ በእኔ እጅ አልፈታ ብሎ ነበር። እሳቸው አሣ በነካ እጃቸው ፈትተው አወለቁልኝ፣ ጎንበስ ብለው ቀስ አድርገው አሸዋው ላይ አኖሩት። ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ታደሰ መጥቶ ሁለታችንንም ያዘን።

ጋሽ አንጁሎ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎ። እትዬ ዳልጌን በስልክ አልገደልናቸውም። ለቅሶው ላይ ደሴቱ ሁሉ ወጥቷል፤ ሽማግሌዎቹ ስለ እርስዎ ሲናገሩ እርስዎ የማያውቁትን ሁሉ አወሩ፣ ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ስንመለስ ነፋሱ በረታ። ታደሰ ከጎኔ ተቀምጦ ቃል አልተነፈሰም። ዝምታውን ሳይ አወቅሁና እጁን ያዝኩት፤ እውነትም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅዎ ነው ጋሼ፣ ምንም አይካድም። እትዬ ዳልጌ ሲሸኙን ለመስቀል ማን ይመጣልኛል አሉ። ታደሰ አፉን ሳይከፍት እኔ አለሁ አልኳቸው። መሐላህስ አሉኝ። መሐላዬን ጋሽ አንጁሎ ይዘውት ሄደዋል አልኳቸው። ስለዚህ ለእህትዎ አያስቡ። በየዓመቱ እየፈራሁ እሄዳለሁ። ደህና ይሁኑ ጋሼ፣ ጌታ በሰላም ያሳርፍዎ።