ወደ ኋላ የሄድንበት ሐሙስ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ለምን» እያለ ነው የሚጠራው። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔ፣ ታላቅ እህቱና የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ነን። ቅጽል ስሙን ያወጡለት እህቱ ናቸው፤ እታለም እንላቸዋለን። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሳቸው አሥራ ስምንት ነበሩ፤ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጁ ነጋ ጠባ ይጠይቃል። «ዝናብ ለምን ይወርዳል?» «ላይ ቦታ ሲጠበው።» «ለምን ይጠበዋል?» «እንዳንተ ያለ ጠያቂ በዝቶበት!» የሚያውቁትን በእውቀታቸው፣ የማያውቁትን ከራሳቸው ፈጥረው፣ እታለም ሳይመልሱለት የቀሩት ጥያቄ የለም ይባላል። ሳገባው ያ ሁሉ ጥያቄ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ዘግይቼ የደረስኩ ሰው ነኝ።

ለምን የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ከቤታችን እስከ ከተማው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚወርድ የመስኖ ቦይ አለ፤ በዳሩ ያሉት ፓምፖች ሁሉ በእሱ እጅ ያለፉ ናቸው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚባለው ለእሱ የተተረተ ይመስለኛል። ፓምፑ ተሠርቶ ውሃ እየተፋ እንኳ፣ ለምን እንደተበላሸ ሳያውቅ ከቦታው አይነሳም።

ወደ ሥራ የሚሄድበት ሞተር ሳይክል ነገርም በዚሁ የመጣ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የቤንዚን ሞተሩ አርጅቶ ሲቆምበት፣ «ፓምፖቹ የሚጠጡት ናፍጣ ነው፤ እኔ ለምን ቤንዚን ፍለጋ እንከራተታለሁ?» አለና ከተጣለ ፓምፕ ላይ የፈታውን ትንሽ የናፍጣ ሞተር ገጠመለት። ጎኑ ላይ ባለ አንድ ጎማ ቅርጫት ቀጠለበት፣ ለመሣሪያውና ለእታለም መቀመጫ። ድምፁ የወፍጮ ቤት ነው፤ ፍጥነቱም ከወፍጮ ቤት እምብዛም አይሻልም።

እታለም ከሰባት ዓመት ወዲህ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። ዐይን የሚቀድ ሐኪም ከተማው ሆስፒታል የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለሦስት ቀን ነው። የቦዩ ዳር መንገድ ለመኪና ይጠባል። አምና በፈረስ ጋሪ ስንወስዳቸው ጋሪው ቦይ ውስጥ ጨመራቸውና ተራቸው አለፈ። ከዚያ ወዲያ «ከወንድሜ ሞተር በቀር ምንም ላይ አልወጣም» ብለው ማሉ። እታለም ከማሉ ማሉ ነው። የዘንድሮው ተራ ሐሙስ ጠዋት ነበር።

ሐሙስ ሊሆን ስድስት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ ሞተሩ ሆድ ዕቃው ተሰብሮ መንገድ ላይ ቀረ። ለምን ቅዳሜና እሁድ ሲያስስ ሰነበተና ሰኞ ከአንድ ባለ ወፍጮ ቤት ቁርጥ እሱኑ የሚመስል ይዞ መጣ። ባለ ወፍጮውን ሲያፋጥጠው ነው የዋለው፦ ለምን ትሸጠዋለህ፣ ዘይቱ ለምን ጠቆረ፣ አንዱ ቡሎን ለምን አዲስ ሆነ። ሰውዬው ሞተሩን የሸጠው ከጥያቄው ለመገላገል ሳይሆን አይቀርም።

ማክሰኞ እቤት ወለል ላይ አስቀምጦ በእጀታው አስነሳው። ቤቱ በጢስ ተሞላ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በእግር በምትረገጥ መኪና ሠላሳ ዓመት ስሰፋ፣ መዘውሯ በተሳሳተ በኩል ከዞረ ክሩ እንደሚበጠስ እግሬ ሳይቀር ያውቀዋል። የሞተሩን ከባድ መዘውር፣ ቮላኖ የሚሉትን፣ አየሁት።

«ይሄ ነገር ለምን ወደዚያ ይዞራል?» አልኩት።

«ዝም ብሎ ነው» አለኝ።

በትዳር ዘመናችን «ዝም ብሎ ነው» ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሐሙስ እያሳደደው ነበርና አልፈርድበትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ለቃሚዋ ግን እኔም ነበርኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገጥሞ ጨረሰ። አራቱ ቡሎኖች ልክ ገቡ። የሞተሩ ጥርስና የማርሽ ሳጥኑ፣ የካምቢዮው፣ ጥርስ መስመር እንዳይስቱ የኔን ክር ከአንዱ ወደ ሌላው ወጥሮ ለካ፤ ካቴናው፣ የብረት ሰንሰለቱ፣ የሚጠመጠመው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግቢው በር አድርጎ አንደኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተር ሳይክሉ በክብር ወደ ኋላ ሄዶ የውሃ በርሜሉን ገጨ።

በርሜሉን አቃንቶ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። አሁንም ወደ ኋላ፣ ያውም ፈጠን ብሎ። በርሜሉ ዳግመኛ ተጋደመ።

ምንም ባልል ኖሮ ጻድቅ ነበርኩ። «ማክሰኞ ምን ብዬህ ነበር?» አልኩት።

ነገሩ ገባው። አሮጌው ሞተር ወደ ቀኝ ይዞር ነበር፤ ይኼኛው ወደ ግራ ነው። ባለ ወፍጮውን ያን ሁሉ ጠይቆ፣ ወዴት እንደሚዞር አልጠየቀም። መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንጀቴን በላውና የስፌት መኪናዬን ቀበቶ ፈትቼ፣ እንደ ስምንት ቁጥር አጣምሜ መልሼ አጠለቅኩት። ፔዳሉን ብረግጠው መዘውሩ በተቃራኒው ዞረ።

«እንዲህ አድርገው» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ ባላየሁት ዐይን አየኝ። «ካቴና አይጣመምም፣ የኔ እመቤት» አለ።

ብረት ለሚቀርጸው ለቶርኖ ቤቱ ሰውዬ ደወለ። እሱም፣ «ካቴናውን ተወው። ጥርስ ለጥርስ የሚነካከሱ ሁለት መዘውሮች ቅረጽልኝ ብትል አንዱ ግራ ሲዞር ሌላው ቀኝ ይዞራል። ለሚቀጥለው ሳምንት አደርስልሃለሁ» አለው። የእታለም ተራ ደግሞ ነገ ነው። በጓሮው ክፍል እታለም የነገ ልብሳቸውን በዳበሳ ሲያጥፉ ይሰማናል።

በኋላ ባሌ ቀና አለ። «እሺ፣ ወደ ኋላ ለምን አንሄድም?»

አብዷል ብዬ ነበር። አላበደም። ሦስት ጎማ ስላለው አይወድቅም፤ ማርሹም ፍሬኑም ይሠራል፤ የጎደለው የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ከኋላው፣ ጀርባዬን ለጀርባው ሰጥቼ ልቀመጥና መንገዱን ልንገረው ተባለ። ግቢ ውስጥ ሞከርነው። «ቀኝ!» ስል በእሱ ቀኝ ይዞራል፤ የእኔ ቀኝ የእሱ ግራ ነው። በርሜሉ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ። ተጨቃጨቅንና ቀኝና ግራ የሚባለውን ቃል ጭራሽ አስቀረነው። በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላው ማሳ ነው፤ «ወደ ቦይ» እና «ወደ ማሳ» ይበቃናል።

ለእታለም አልነገርናቸውም። ከሰሙ አይወጡማ! ሐሙስ ጠዋት የሞተሩን ጀርባ ወደ ከተማው አዙረን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥናቸውና ተነሳን። እኔ «ማሳ! ማሳ! ትንሽ ቦይ! ኧረ ቦይ!» እያልኩ እጮሃለሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አፉን ይከፍታል።

ጥቂት እንደሄድን እታለም «ለምን» ብለው ወንድማቸውን ጠሩ።

«አቤት እታለም!»

«ነፋሱ ምነው ከጀርባዬ መጣ?»

«ነፋሱ ዛሬ ዞሯል!» አለ ባሌ። ዐይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ያውም ዐይናቸውን ሊታከሙ ለሚሄዱ ሰው።

ሁለተኛውን ድልድይ ስናልፍ እታለም፣ «ነፋስስ ይዞራል» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማ ስንሄድ ፊቴን የምትመታኝ ፀሐይስ? ዛሬ ማጅራቴን ነው የምታሞቀኝ። እሷም ዞረች?»

ባሌ ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል። አሁን አውርዱኝ አሉ፣ ዓመቱም እንደ አምናው ሄደ አልኩ በልቤ።

«ወደ ኋላ ነው የምንሄደው፣ አይደል?» አሉ።

«አዎ፣ እታለም።»

«ለምን?»

ያን ሲሉ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እኛም አልቻልንም። ከዚያ ተነስቶ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ፣ ባሌ ወደ ግራ ስለሚዞረው ሞተር፣ ስለማይጣመመው ካቴና፣ ስለ ሁለቱ መዘውሮች እየጮኸ አስረዳቸው። እሳቸውም «እሺ፣ ከዚያስ?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁት። እኔ በመሐል «ማሳ!» እላለሁ። አንድ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ተራቸው ሊጠራ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረስን።

ሐኪሙ ያኑ ዕለት ዐይናቸውን ቀደዳቸው፤ አርብ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታችው። አልጋው መስኮት አጠገብ ነበር። እታለም ዐይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉና መጀመሪያ እኔን አዩ። «አንቺ ወፍረሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። ብዙ አዩት። በልባቸው የነበረው ጥቁር ጠጉር ያለው የዛሬ ሰባት ዓመቱ ወንድማቸው ነው።

«ለምን» አሉ።

«አቤት እታለም» አለ።

«ስምህን አይደለም የጠራሁት። ለምን እንዲህ ሸበትክ ነው የምልህ።»

ትናንት እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሲያስረዳ የመጣው ባሌ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ራሱን ጭናቸው ላይ አስቀመጠ። እታለም በሁለት እጃቸው ጠጉሩን እየከፈሉ፣ ልጅ ሳለ ቅማል ሲፈልጉለት እንደነበረው፣ አንዱን ሽበት ከሌላው እየለዩ ማየት ጀመሩ።